እናቴ የወረደችበት ጉድጓድ

በግቢው ውስጥ ጋራዥ ሊሠራ ያሰበ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ፣ ስለ ወርድና ስለ ቁመት ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር እነግረዋለሁ፦ «ጉድጓዱን እናትህ ሳታውቅ እንዳታስቆፍር።» ሰዎቹ ይስቃሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከዚያን ጊዜ ወዲህ በጉድጓድ ጉዳይ ቀልጄ አላውቅም። እስቲ ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁና ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ያኔ ሠላሳን ዘልያለሁ። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው፤ እንጀራዬ ግን ደብረ ብርሃን ነበር። እዚያ በሰው ጋራዥ ተቀጥሬ፣ ጎማ ከመፍታት ተነስቼ ዋና መካኒክ እስከ መሆን ደርሻለሁ። ሚስቴ አስካለና ትንሿ ልጄ መሐል ሜዳ ከእናቴ ጋር ይኖራሉ። እኔ ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ ሲሳካልኝ ለገና ብቅ እላለሁ። አንድ ፋሲካ ላይ ልጄ ጓዳ ገብታ እናቷን «ሰውዬው መቼ ነው የሚሄደው?» ስትላት ሰማሁ። ሰውዬው እኔ ነኝ። 

በዚያው ዓመት ደብረ ብርሃንን ለቅቄ ዕቃዬን ጠቅልዬ ገባሁ። ጊዜውም ለእኔ የተመቸ ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ መንገዱ ጠጠር ፈስሶበት፣ እንደ ብርቅ ይታይ የነበረው መኪና በየቀኑ አቧራ እያስነሳ መመላለስ ጀምሯል። በእኛ ዳገትና በእኛ ብርድ መኪና መበላሸቱ አይቀርም፤ ሲበላሽ ግን የሚያነሳው የለም። ወይ እየተጎተተ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፣ ወይ ሹፌሩ ጋቢ ተውሶ መንገድ ዳር ይሰነብታል። ስለዚህ ከእናቴ ቤት ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ቦታ ጋራዥ አደርገዋለሁ፣ እዚያው ሠርቼ እዚያው እበላለሁ፣ ልጄም አባቷን ታውቃለች ብዬ ተነሳሁ። ካልሆነልኝ ደግሞ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ መመለሴ ነው። ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም።

እናቴን አስፈቅጃታለሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የግቢው አዛዥ እሷ ናት። «ጋራዥ ልሠራ ነው» ስላት «ሥራ፤ ብቻ የበጎቼን ማደሪያ እንዳትነካ» ብላ መርቃኛለች። ይህን የምናገረው በኋላ «ሳይነግራት ነው» ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ነግሬያታለሁ።

አሠራሩን ደብረ ብርሃን ሳለሁ በሐሳቤ ጨርሼዋለሁ። አንድ መኪና በሮቹ በሁለቱም በኩል ወለል ብለው ተከፍተው፣ ሰው በዙሪያው ሳይጋጭ የሚዞርበት መሆን አለበት። ወርዱ ስድስት ሜትር፣ ርዝመቱ ዘጠኝ። በደቡቡ ግድግዳ ላይ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ረጅም የሥራ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ብረት ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው ሞርሳ። ቁልፎቹ በየልካቸው ግድግዳው ላይ ይሰቀላሉ። የብየዳው ቦታ ከቤንዚንና ከዘይት የራቀው ጥግ ነው። መሃል ላይ ደግሞ የነገሩ ሁሉ እምብርት፣ ጉድጓዱ። መካኒክ ውስጡ ቆሞ የመኪናውን ሆድ ከሥር የሚያይበት ማለቴ ነው። መኪና በክሪክ አንስቶ በጀርባ ተኝቶ መሥራት ምን እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል፤ በመንዝ መሬት ላይ ሲሆን ብርዱ ወገብ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

አንድ ማለዳ ካስማዎቼን ተክዬ ሲባጎ ወጠርኩ። ገና እጄን ሳላራግፍ የእናቴ ወንድም ጋሽ በየነ ከተፍ አሉ። ጋሽ በየነ ከእኛ ግቢ በስተሰሜን የገብስ ማሳ ያላቸው፣ የማያገባቸው ነገር የሌለ ሽማግሌ ናቸው። ሲባጎውን ከዳር እስከ ዳር ዞሩት።

«ይኸ ሁሉ ምንድነው? የሰርግ ዳስ ነው?»

«ጋራዥ ነው ጋሼ።»

«ለስንት መኪና?»

«ለአንድ።»

«ለአንድ መኪና ይኸ ሁሉ! ሰው ልጅ ወልዶ ከብት አስሮ ባነሰ ቤት ይኖር የለም እንዴ? በል አጥብበው።»

«በሮቹ ሲከፈቱ እኮ ቦታ ይፈልጋሉ።»

«ዘግተህ ሥራዋ!»

አንዱን ካስማ በድንጋይ መታ መታ አደረግኩ። እሳቸው ግን ገና መጀመራቸው ነበር።

«መደቡስ የት ነው?»

መደብ ለማታውቁት፣ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃና በድንጋይ የሚሠራ መቀመጫ ነው። በእኛ አገር ጣሪያ ያለው ነገር ሁሉ መደብ አለው። መደብ የሌለው ቤት እንግዳ የሚያባርር ቤት ነው ተብሎ ይታማል።

«ጋራዥ መደብ የለውም ጋሼ።»

«ታዲያ ሰው ሲመጣ የት ይቀመጣል?»

«ሰው አይመጣም፤ መኪና ነው የሚመጣ።»

«መኪናው ብቻውን ነው የሚመጣ?»

 የሥራ ጠረጴዛዬ ወደ ጓሮ ተገፋና በቦታው መደብ ገባ። ጋሽ በየነ ይህን አስፈጽመው ሳይጨርሱ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ጎረቤቶች ቆሙ። አንደኛው በሩ ወደ ምሥራቅ እንዳይሆን፣ የጓሳ ነፋስ ገብቶ ሰው ይፈጃል አለ። በሩ ድሮውንም ወደ ምዕራብ ነው፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ ካስማ ነቅሎ መትከል አማረውና ነቅሎ ተከለ። ሌላው ጣሪያውን በጓሳ ሣር ካልከደንከው ከቆርቆሮ ሥር በብርድ ትደርቃለህ አለኝ። ብየዳ ከሣር ክዳን ሥር! ይህን ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደለፈለፍኩ አትጠይቁኝ። በመጨረሻ እናቴ ከቤት ወጣች፤ ስታስበው ቆይታ ኖሮ «ጥጉ ላይ ለግልገሎች ትንሽ አጥር ቢኖር፣ ብርዱ ሲከፋ…» አለች። የብየዳው ጥግ የግልገል ማደሪያ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሲባጎውን ስለካው መኪና የማይገባበት ጋራዥ ወጥሬያለሁ።

ጋሽ በየነ ሊሄዱ ሲሉ እናቴን በሩ ላይ አቁመው የሆነ ነገር ሲነግሯት አየሁ። ስለ መደቡ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ እናቴ ለዘመድ ተዝካር ወደ ራቤል ሄደች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እፎይ አልኩ። ካስማዎቼን ሁሉ ነቅዬ ወደ ቀድሞ ቦታቸው መለስኩ። ያን ቀን ከሰዓት ደግሞ የመጀመሪያው ደንበኛዬ በሁለት በሬ እየተጎተተ መጣ። ደረጀ የሚባል፣ እህል ነጋዴ ቤት የሚሠራ ሹፌር ነው። የፒክአፑ ካምቢዮ ማርሽ አልቀበል ብሎ ዳገት ላይ ቆሞበታል።

«እስከ ሰኞ ታደርስልኛለህ?» አለኝ። «ካልሆነ ሰኞ የሚያልፍ ትልቅ መኪና አለ፣ አስጎትቼ ደብረ ብርሃን እወስደዋለሁ።»

ይህ ፒክአፕ ከእጄ ወጥቶ ተጎትቶ ቢሄድ በየመንገዱ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። «መሐል ሜዳ አንድ መካኒክ አለ ብለውን ነበር፤ ካስማ ነው የሚተክለው» ይባላል። ከዚያ በኋላ ማን ይመጣል? ስለዚህ ግድግዳው ይቆይ፣ ጣሪያው ይቆይ፣ ጉድጓዱ ይቅደም አልኩ። ከላዩ ሸራ ወጥሬ እሠራዋለሁ። ሁለት ቆፋሪዎች ቀጠርኩ። የግቢያችን መሬት ከላይ አንድ ስንዝር አፈር፣ ከሥር አለት ነው፤ በዲጂኖ እየፈነቀሉ ሲያወጡት ግድግዳው በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ከዳር ዳሩ ለጎማው መንገድ ይሆን ዘንድ ከፈረሰው አጥር ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጬ ከጎኑ ደረደርኩ። ቅዳሜ ወደ ማታው ላይ ሰዎቹ ደከሙ። ግማሹ ብቻ አልቋል፤ ቢሆንም ለደረጀ ካምቢዮ ይበቃል። በአንዱ ጫፍ ደረጃ አስወጣሁለትና ወርጄ ቆምኩ። ትከሻዬ ድረስ ገባሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አሁን እኔ ባየሁት ዓይን ሳይሆን ከራቤል ተዝካር በምትመለስ አሮጊት ዓይን እዩት። የግቢያችን በር ወደ ጀምበር መጥለቂያ ነው፤ መኪናው በዚያ ስለሚገባ ጉድጓዱም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተዘርግቷል። ሙት የሚቀበርበት አቅጣጫ መሆኑ ነው። ርዝመቱ ግማሽ ስለሆነ ከሰው ቁመት ትንሽ ዘለግ ይላል። ጥልቀቱ ይታወቃል። አፈሩ ከጎኑ ተከምሯል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይም ተደርድሮ ይጠብቃል። ዲጂኖ የተደገፉ ሁለት ሰዎች አፈሩ ላይ ቆመዋል።

እናቴ በሩ ላይ ደረቀች። ቆፋሪዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ጉድጓዱን አየች።

«ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም እማዬ። እንኳን በደህና ገባሽ። ይኸ እኮ…»

«ድንጋዩንም አዘጋጅቶልኛል» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። «እግዜር ይስጥህ።»

አልፋኝ ገባች። ተከትያት ገብቼ ስለ ካምቢዮ አስረዳሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ስለ መኪና ሆድ አስረዳሁ። ጋቢዋን ተከናነበች። ቆየት ብላ አስካለን ጠርታ ሁለት ነገር አዘዘቻት፦ አንደኛው ከሣጥኗ ውስጥ መግነዟን አውጥታ ነፋስ እንድታስመታው፣ ሁለተኛው ለንስሐ አባቷ ለአባ ተክለ ሰው እንድትልክ።

«ይኸን ጉድጓድ ምናለ ቀደም ብለህ ብትነግራቸው?» አለችኝ አስካለ በሹክሹክታ።

«ሞርሳውንስ ነግሬያታለሁ? ቁልፍ የሚሰቀልበትንስ ምስማር ነግሬያታለሁ? ጋራዥ ማለት ጉድጓድ ነው!»

«ለአንተ ነዋ።»

አባ ተክለ መጡ። መጀመሪያ እናቴ ዘንድ ገብተው ቆዩ፤ ከዚያ ወጥተው ጉድጓዱን ዞረው አዩት። ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ማብረድ ይወዳሉ።

«ልጄ፣ መቃብር ተከፍቶ ባዶውን ማደር የለበትም ብላ ነው የተጨነቀችው። የሚገባበት ሰው ይፈልጋል ትላለች።»

«መቃብር እኮ አይደለም አባ!»

«አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን እስቲ ወደ ሰሜን ብታዞረውስ? አቅጣጫው እኮ ነው።»

«ወደ ሰሜን ካዞርኩት መኪናው በጋሽ በየነ ገብስ ላይ ነድቶ ነው የሚገባው።»

አባ ተክለ ማሳውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በየነ ደግሞ ስንዝር አይሰጥህም» አሉና ባርከውኝ ሄዱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ከተማውን አዳርሷል። ብርቄ፣ እናቴ ማለት ነው፣ ንስሐ አባቷን አስጠርታለች፣ መግነዟን አስወጥታለች የሚለውን የሰማ ሁሉ ነጠላውን ለለቅሶ አዘቅዝቆ ግቢያችን ገባ። እኔ በር ላይ ቆሜ «ደህና ናት! ማንም አልሞተም!» እያልኩ እጮሃለሁ። እነሱ በሐዘን አንገታቸውን ደፍተው «አይዞህ» እያሉኝ ያልፋሉ። ደረጀ ፒክአፑን ተደግፎ ያየኛል። «ወንድሜ» አለኝ በመጨረሻ፣ «የቤት ሐዘን ካለብህ እኔ ነገ ላስጎትተው።» ሐዘን የለብኝም ብዬ ልጮህበት አፌን ስከፍት አስካለ ከወዲያ ጠራችኝ።

«ና! ቶሎ ና! እማማ ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው!»

ሮጥኩ። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ጉድጓዱ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ለአለቱ ሰጥታ ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማለች። ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነው። በደረጃው የወረደችው ራሷ ናት። ሰዉ ሁሉ ጉድጓዱን ከቦ አንዳንዱ ደረቱን ይመታል።

«ውጪ እማዬ።»

«ለእኔ የቆፈርከው አይደለም? ይኸው ገባሁልህ። አፈሩን መልሰው።»

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም!»

ጋሽ በየነ ከሰዉ መሃል ብቅ አሉ። «ይኸው! እናቱን ከነነፍሷ! ይኸው እዩለት!» እያሉ ዱላቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። እኔ በዚያች ሰዓት ሻንጣዬን የት እንዳስቀመጥኩት ማሰብ ጀምሬ ነበር። አልዋሻችሁም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፤ ማንም ውስጡ ገብቶ አይቀመጥም። እዚህ ተለምኜ አልመጣሁም፤ እሄዳለሁ፣ እሷም ግቢዋን ከነግልገሎቿ ትያዝ። ንዴቱ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ግን ከመሄዴ በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር ልናገራት ፈለግኩ፤ ከላይ ሆኜ እንዳልናገር ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ቀስሯል። ስለዚህ ወረድኩና አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

እዚያ ታች ሌላ ነበር። ነፋሱ የለም። የሰዉ ጫጫታ ሩቅ ሆነ። በዚያ ግቢ ውስጥ ሰው ሳይሰማን የምንነጋገርበት ቦታ ከደብረ ብርሃን ከገባሁ ወዲህ አግኝተን እንደማናውቅ ያኔ ገባኝ።

«በል ተናገር» አለችኝ ቀስ ብላ። «ልትናገር አይደል የወረድከው?»

«ይኸ ጉድጓድ የመኪና ነው እማዬ።»

«እሱን አስካለ ነግራኛለች። ጅል አይደለሁም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው።» ዱላዋን አጥብቃ ያዘች። «በየነ ያን ቀን ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ልጅሽ ግቢውን እየለካ ነው፤ የመጣው ሞትሽን ቆሞ ሊጠብቅ ነው አለኝ። አላመንኩትም። ራቤል ድረስ ሳስበው ሄድኩ፣ አሁንም አላመንኩትም። ተመልሼ በሩን ስከፍት ግን ይኸን አየሁ። ለምን መጣህ? እውነቱን ንገረኝ። ልትኖር ነው ወይስ ልትቀብረኝ?»

ልናገራት የወረድኩት የንዴት ነገር ከአፌ ጠፋ። ልጄ በፋሲካ ጓዳ ውስጥ ያለችውን ነገርኳት። ለአስካለ እንኳ መስማቴን አልነገርኳትም ነበር። «ሰውዬው መቼ ነው የሚሄደው አለች» ስል፣ ትልቅ ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ ዱላዋን ወደ ጎን አስቀመጠች።

«ለእኔም እንግዳ ነበርክብኝ» አለች። «ስትመጣ የማቀርብልህ ለብቻው የተቀመጠ ሰሃን ነበር። የእንግዳ ሰሃን። ዘንድሮ ጓዝህን ይዘህ ስትገባ ከእኛው ትሪ አብላሁህ። ልብ አላልክም?»

ልብ አላልኩም። ሰሃን መቀየሩን የሚያይ ዓይን የለኝም፤ እኔ የማየው ብረት ነው። እናቴ ግን እኔ ካስማ ከመትከሌ በፊት ቦታዬን ለክታ ሰጥታኝ ነበር።

አፍንጫዋን በጋቢዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ላይ ቀና አለች።

«በል ያንን መኪና አምጣው።»

«የት?»

«ከላዬ። ለመኪና ነው አላልክም? ይታያ!»

እንቢ አልኩ። እሷም አልወጣም አለች። እንቢታ ከማን እንደወረስኩ እዚያው ታየ። ወጥቼ የተደረደሩትን ጠፍጣፋ ድንጋዮች በሁለቱም ጠርዝ አነጠፍኩ፤ አለቱ የማይናድ መሆኑን እየረገጥኩ አረጋገጥኩ፤ ደረጀ መሪ ያዘ። ማርሽ አይገባም፣ መኪናው መገፋት አለበት። የሚገፋው ማነው? ለለቅሶ የመጣው ሕዝብ! ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከኋላ ተደረደሩ። አስካለ ከፊት ቆማ በሁለት እጇ ጎማውን ትመራለች። እኔ ተመልሼ እናቴ አጠገብ ገባሁ፤ የሚሆነው ነገር በሁለታችንም ላይ ይሁን ብዬ ነው።

«ትንሽ ወደ ቀኝ! ቀኝ አልኩ ደረጀ! ቀስ! ቀስ በሉ እናንተ!» የአስካለ ድምፅ ይሰማል። ድንጋዩ ከጎማው ሥር ጠጠር እየፈጨ ጮኸ። ከአፋፉ ጥቂት አፈር ረግፎ ጋቢዋ ላይ ወደቀ። እናቴ እጄን ያዘች፤ እጇ ቀዝቅዟል። ከዚያ ብርሃኑ ጠፋ። ፒክአፑ ከላያችን ገብቶ ቆመ።

ባትሪዬን አበራሁ። እናቴ በሕይወቷ ስንት መኪና እንዳየች እንጃ፤ ከሥሩ ግን አይታ አታውቅም። አንገቷን አቅንታ ብረቱን፣ ቱቦውን፣ ጭቃ የበላውን ዘንግ አንድ በአንድ አየችው።

«ይኸ ሁሉ አንጀት ነው?»

«ነው እንበል።»

ጠብ አለ። ጥቁር ዘይት ነጩ ጋቢዋ ላይ አረፈ።

«ይደማል።»

«እሱ ነው በሽታው። ካምቢዮው ነው። ከሥር ካልሆነ አይፈታም፤ ለዚህ ነው የቆፈርኩት።»

ባትሪውን ከእጄ ነጥቃ ወደ ካምቢዮው አዞረችው። «ታዲያ ምን ቆመሃል? ፍታው።»

ፈታሁ። በክት ልብሴ፣ ቱታ ሳልለብስ፣ በሰንበት ብሎን ፈታሁ። እናቴ ባትሪ ያዘች። ስትይዝ ደግሞ ዝም ብላ አይደለም፤ «ያ ላልቷል፣ ያ ደግሞ ዝጓል፣ ከወዲህ በኩል አትጀምርም?» ትለኛለች። ላብድ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ እንኳ ከአስተያየት አልዳንኩም! ከላይ ጋሽ በየነ ጉንበስ ብለው በጎማዎቹ መሃል ጠሩ።

«ብርቄ! አለሽ ወይ?»

«አለሁ! ዝም በሉ፤ ሥራ ላይ ነን!»

ከላይ ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ በየነ ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ከጉድጓዱ ስትወጣ ጉልበቷን እያሸች ነበር። ያለችውን ከሰማሁ በኋላ እንደ ልጅ መሬት ላይ ልንከባለል ነው የቃጣኝ። «ሁሉ ነገሩ ደህና ነው» አለች፣ «ብቻ መደብ የለውም። ሰው እዚያ ወርዶ የት ይቀመጥ?»

ሰኞ ረፋዱ ላይ ፒክአፑ በራሱ ሞተር ወጣ። ደረጀ በየደረሰበት ታሪኩን እያጋነነ አወራ፤ እናቱን ጉድጓድ አስገብቶ መኪና የሚጠግን መካኒክ ለማየት ከዓለም ከተማ ሳይቀር ሹፌር መጣ። ጋራዡም ተሠራ። ለለቅሶ ከመጡት ብዙዎቹ ለግድግዳው ድንጋይ ተሸክመዋል። ስድስት ሜትሬን አላስነካሁም፣ ጉድጓዱንም አላዞርኩም። ከበሩ ጎን ግን መደብ አለ፤ ጋሽ በየነ እስኪሞቱ ድረስ በየቀኑ እዚያ ተቀምጠው መኪና እንዴት እንደሚፈታ ይመክሩኝ ነበር። ብርዱ ሲከፋ ግልገሎቹ በሥራ ጠረጴዛዬ ሥር ያድራሉ። ከብየዳው ጥግ አራቅኳቸው፤ ያን ያህል ብቻ ነው ያሸነፍኩት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ጋራዥ ልትሠሩ ካሰባችሁ መኪናውን በሩን ከፍታችሁ ለኩት። ብርሃን ከየት እንደሚገባ እዩ። እሳትንና ዘይትን አራርቁ። ይህን ማንም ይነግራችኋል። እኔ የምጨምረው፣ ቦታውን ሳትለኩ በፊት በዚያ ግቢ የሚኖረው ሰው ስለ እናንተ ምን እንደሚፈራ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም፤ ሻንጣዬን ላነሳ የቀረኝ ትንሽ ነበር። ያን ቀን ጉድጓዱ ባይኖር ኖሮ እናቴ ያን ጥያቄ መቼም አትጠይቀኝም፤ እኔም እየተናደድኩ፣ እሷም እየተጠራጠረች አንድ ትሪ ላይ እንበላ ነበር። ልጄ «አባዬ» ማለት የጀመረችበትን ቀን አላስታውሰውም። ሳላውቀው አለፈ፤ እንደዚያ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ጉድጓዱ ውስጥ መደብ ሠራሁ። በምሥራቁ ጫፍ፣ እሷ በተቀመጠችበት፣ ከአለቱ አስፈልፍዬ። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ሲያዩት ይስቃሉ፤ ቦታ ይይዛል፣ እግር ያደናቅፋል፣ ለምንም አይጠቅምም። እናቴ በየጊዜው እየወረደች ባትሪ ያዘችልኝ፤ ጉልበቷ እንቢ ሲላት ደግሞ ከላይ ሆና ታዝዘኝ ነበር። ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። መኪናው እየረዘመ ሲመጣ ጉድጓዱን ወደ ምዕራብ ሁለት ጊዜ አስረዝሜዋለሁ፤ መደቡን ግን አልነካሁትም። ሲደክመኝ ቁልፌን አስቀምጬ እቀመጥበታለሁ። ከላይ ሰው ሲጠራኝ «ዝም በሉ፤ ሥራ ላይ ነን» እላለሁ። ከሥር ያለሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።